የቅዳሜ ቀትር ፍተሻ

ባለፈው ሐምሌ የደሴ ብርድ ሲጠናብን፣ ከቢሮአችን ዕቃ ክፍል አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አውጥተው ከጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጡልኝ፤ ሽቦው እየቀላ ሲሄድ ለዓመታት የተኛበት አቧራ መቃጠል ጀመረና ደረቅ፣ ትንሽ የሚያንቅ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ከፈቱ። እኔ ግን ብዕሬን አስቀምጬ ወደ ማሞቂያው ጎንበስ አልኩ። ያ ሽታ የአባቴ የሬዲዮ ክፍል ሽታ ነበር።

አባቴ ይመር በደርግ ጊዜ ከፒያሳ ትንሽ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን፣ ሐርቡና ሌሎች ቦታዎች ላይ ደግሞ ትንንሽ ቅርንጫፎች ስለነበሩት፣ በየቦታው አንዳንድ የመገናኛ ሬዲዮ ተተክሎ ነበር። የአባቴ ክፍል ከግቢው ጀርባ ያለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነበረች፤ ከጣሪያዋ ተነስቶ በሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ ሽቦ ነበራት፣ ጠዋት ጠዋት ወፎች ይሰለፉበት ነበር። በውስጧ ሲሞቅ ያንን ሽታ የሚያወጣው ግራጫ ሬዲዮ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የመዝገብ ደብተርና ከጠረጴዛው ጋር በብሎን የታሰረች ትንሽ የናስ እጀታ ነበሩ። እጀታዋን በጣት ሲጫኗት አየር ላይ ድምፅ ትልካለች፤ ቶሎ ሲለቋት አጭር፣ ቆይተው ሲለቋት ረዥም፤ ከአጭሩና ከረዥሙ ፊደል፣ ከፊደሉ ቃል ይሠራል። ሞርስ የሚባለው ይኸው ነው።

በበጋ አየሩ ጥርት ሲል በድምፅ መነጋገር ይቻል ነበር፤ ማይክሮፎኑን የሚይዙት ግን ኃላፊዎቹ ነበሩ። ኦፕሬተሮቹ እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በእጀታዋ ብቻ፣ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል እየጻፉ ነበር። በዚህ ምክንያት አባቴ ከኮምቦልቻው ኦፕሬተር ከጋሽ አስፋው ጋር ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲነጋገር ድምፁን ሰምቶ፣ መልኩንም አይቶ አያውቅም ነበር። ኮምቦልቻ በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ነገር ግን አባቴ እሑድ ሲያርፍ ጋሽ አስፋው ተረኛ ነበር፣ ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መገናኘት የሚያስፈልግ ነገር አልመሰላቸውም ነበር። «ብንተያይስ ምን እናወራለን?» ይል ነበር አባቴ።

ቅዳሜ የሥራው ቀን ግማሽ ስለነበር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሌላው ሠራተኛ ወደየቤቱ ሲበተን ኦፕሬተሮቹ ሬዲዮዎቹን እንዲሞክሩ ሩብ ሰዓት ተፈቅዶላቸው ነበር። በመመሪያው ላይ «የመሣሪያ ፍተሻ» ይባላል። እነሱ ግን በዚያች ሩብ ሰዓት እንቆቅልሽ ይጫወቱ ነበር። አንዱ «እንቆቅልህ» ብሎ ይልካል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ የጠፋው ተሸናፊ እንደ ወጉ አገር መስጠት ነበረበት። አባቴ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበር። «በዚህ ዘመን በሬዲዮ አገር ይሰጣል እንዴ?» ብሎ ከልክሎ፣ በአገር ፋንታ የአየር ጠባይ እንዲሰጣጡ ተስማምተው ነበር። ጋሽ አስፋው ሲሸነፍ የኮምቦልቻን ሙቀት ይልክልናል፣ አባቴ ሲሸነፍ የደሴን ብርድ ይልክለታል። ሐርቡ ላይ እንድሪስ የሚባል አዲስ ገቢ ኦፕሬተር ነበር፤ እጁ ገና ስላልፈታ ለእሱ ሲሉ ሁሉም ቀስ ብለው ይልኩ ነበር፣ ተሳስቶ ሲደናበርም ማንም አያርመውም፣ እስኪጨርስ ይጠብቁት ነበር።

እናቴ ከድጃ ይህን ሩብ ሰዓት አትወደውም ነበር፤ ሩቡ ግማሽ፣ ግማሹ ሙሉ ሰዓት እየሆነ ምሳው ይቀዘቅዝባት ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ እንዳመጣው እኔን ትልከኝ ነበር። ቤት ገብቶ እጁን ከታጠበ በኋላ እንኳ ጣቱ የሳህኑን ጠርዝ ሲመታ ታይና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወላሂ ከኮምቦልቻው ሰውዬ ጋር ተጋብታችኋል። ከሁለት አንዳችንን ፍታ!» ትለው ነበር። እሱም ሳያቋርጥ፣ «እሱ ወጥ አይሠራም፤ አንቺው ትሻያለሽ» ይላታል።

እኔም ቅዳሜ ከበሩ አጠገብ ባለው የሣጥን መቀመጫ ላይ እየጠበቅኩት ቀስ በቀስ መለየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የተማርኩት ፊደሉን አልነበረም፤ መጀመሪያ የተማርኩት ሰዎቹን ነበር። አባቴ ለአንደኛው ጆሮዬ ማዳመጫውን ያጋራኝ ነበርና፣ የጋሽ አስፋው አላላክ ከሌሎቹ እንደሚለይ ቶሎ ገባኝ፤ የእያንዳንዱን ቃል የመጨረሻ ረዥም ድምፅ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት እንደሚወርድ መኪና ፍሬን፣ ሳብ አድርጎ ያቆየው ነበር። የእንድሪስ እጅ ድንጋይ እየረገጠ ወንዝ የሚሻገር ሰው ይመስል ነበር። የአባቴ ፈጣንና ቀላል ነበር። «እጅ እንደ ጽሕፈት ነው» አለኝ አባቴ አንድ ቀን፤ «ስምህን ብትደብቅ እጅህ ይናገራል። አስፋው ጉንፋን ሲይዘው እንኳ አውቃለሁ።»

አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ቀትሩ ፀሐይ ሆኖ ጥላው በሚያንቀጠቅጥበት ጊዜ፣ ከሰሜን በኩል ካሉት ጣቢያዎች አንዱ ለቅዳሜው ፍተሻ ሲጠራ አባቴ ፊቱ ተለወጠ። ራሱን የጠራበት የጣቢያ መለያ የድሮው ነበር፣ እጁ ግን የሌላ ሰው ነበር። አባቴ እንቆቅልሽ አልጠየቀም፣ ሰላምታም አልላከም፤ «ፍተሻው በደንብ ተሰምቷል፤ ጨርሻለሁ» ብሎ ዘጋና ማዳመጫውን አወለቀ። ኋላ ላይ የቀድሞው ኦፕሬተር መወሰዱን ሰማን፤ ወዴት፣ ለምን የሚለውን የጠየቀ አልነበረም። በኦፕሬተሮቹ መካከል የቆየ፣ ያልተጻፈ ደንብ እንዳለ ያን ጊዜ አወቅኩ፤ አየር ላይ አዲስ እጅ ከመጣ አይጠየቅም፣ ፍተሻው በደረቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለተወሰደው ሰው ቤት የሚቀርበው ባልደረባ በእግሩም ሆነ በመኪና ሄዶ ቤተሰቡን ያያል።

በበልግ፣ ዝናቡ መጣ ቀረ በሚልበት ወራት፣ አባቴ ፊደሉን ያስተምረኝ ገባ። በትምህርት ቤት አፌን የማልከፍት ልጅ ነበርኩ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት እንኳ ያቅተኝ ነበር፤ መልሱን እያወቅኩት አንገቴን ደፍቼ እቆም ነበር። ቤት ውስጥ ግን ማንኪያ ይዤ የትሪውን ጀርባ እየመታሁ ከአባቴ ጋር እንነጋገር ነበር። «ጨው አቀብይኝ» ይላል በጣቱ፤ እኔም በጣቴ «አለቀ» እላለሁ። እናቴ በመካከላችን ተቀምጣ፣ «እኔን እያማችሁኝ ከሆነ አላህ ይይላችሁ» ትል ነበር። ሰኔ ላይ ሠርተፊኬት ይዤ ስመጣ አስተማሪዬ ከውጤቱ ግርጌ «ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን አትናገርም» ብለው ጽፈው ነበር። አባቴ ሁለት ጊዜ አነበበው። አጠፈና ኪሱ ከተተው።

ክረምቱ ሲገባ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ከሬዲዮ ክፍሉ አልጠፋም ነበር። የሰው ድምፅ በመብረቁ መካከል እንደሚቆላ ሽምብራ እየተንጣጣ ሲጠፋ፣ ኃላፊዎቹ ማይክሮፎኑን ትተው ይወጡና ሥራው ሁሉ በአባቴ ጣት ላይ ይወድቅ ነበር፤ ቀጭኗ የሞርስ ድምፅ ግን በጫጫታው ሥር ሾልካ ትደርስ ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን ለቅዳሜ የሚሆን አንድ እንቆቅልሽ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ ከደጃችን ቆሜ ያገኘሁት ነበር። ለአባቴ በትሪው ላይ ነገርኩት። ሳቀ።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሞላ አባቴ ከወንበሩ ተነሳ።

«ዛሬ አንቺ ላኪ» አለኝ።

«እኔ?»

«አፍ አያስፈልገውም፤ ጣት ብቻ ነው። ነይ ተቀመጪ።»

«ማን ነኝ ልበል?»

«ምንም አትበይ። የጣቢያውን መለያ ላኪና እንቆቅልህ በይ። አስፋው ይግረመው!»

እግሬ መሬት አይደርስም ነበር። እጀታዋ ከአባቴ ጣት የተረፈ ሙቀት ነበረባት። መለያችንን ላክሁ፣ «እንቆቅልህ» አልኩ። ከኮምቦልቻ «ምን አውቅልህ» አልመጣም። አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ደገምኩና፣ ዝምታው ሲረዝምብኝ ደንግጬ እንቆቅልሹን ራሱን ላክሁት፤ «ጠዋት ከተማ ይውጣል፣ ቀትር ላይ ሳያኝክ ይተፋዋል።»

ረዥም ጊዜ የመብረቁ ጩኸት ብቻ ነበር። ከዚያ የጋሽ አስፋው እጅ መጣ፤ የቃሉን መጨረሻ ሳይስብ፣ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ፣ «ፍተሻው በደንብ ተሰምቷል፤ ጨርሻለሁ» አለ። ሐርቡም ያንኑ ደገመ። ተዘጉ።

እንቆቅልሼን የናቁት መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አባቴ ግን መጀመሪያ ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እጀታዋን ነጥቆኝ ኮምቦልቻን ጠራ፤ ደጋግሞ ጠራ፤ ሐርቡን ጠራ። ሬዲዮአቸውን አጥፍተው ነበር። «እጅሽ ነው» አለኝ ቆይቶ፤ «የሌላ ሰው እጅ ነው የሰሙት። ተወስጃለሁ ብለው አስበዋል።» መለስ ብሎ በሩ አጠገብ ወደተሰቀለው ስልክ አየ። ስልኩ የሚያልፈው ሰው ተቀምጦ በሚያገናኝበትና በሚሰማበት መስመር ነበር። «ምን ብዬ ልደውል? አልታሰርኩም ልበል?» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለስልኩ። ሰኞ ማለዳ መሥሪያ ቤቱ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረበት።

በማግስቱ እሑድ ጉሙ ከተማውን ሸፍኖት፣ ከቤታችን ደጅ ቆሞ የጎረቤት አጥር አይታይም ነበር። የቆርቆሮ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ስትከፍት እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። አንድ ረዥም ቀጭን ሰው፣ ለደሴ ብርድ የማይበቃ ስስ ኮት ለብሶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር ይዞ ቆሟል፤ ጉሙ ፀጉሩ ላይ ውኃ ሆኖ ነበር።

«የይመር ቤት ነው?»

«ነው፤ ይግቡ።»

አልገባም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አብሽሪ እህቴ፤ ሁሉም ያልፋል» አላትና የተጠቀለለውን ዘረጋላት። «ስኳር ናት። ከቀበሌ የደረሰችኝ ናት፤ ለልጆቹ።»

«ምኑ ነው የሚያልፈው?» አለች እናቴ።

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። እናቴ አየችው፣ ስኳሩን አየችው፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ዞራ፣ «ይመር! ኸረ ና! ሰውዬው ላንተ ሊያለቅስ መጥቷል!» ብላ ጮኸች።

አባቴ ግማሽ ፊቱ ሳሙና፣ ግማሹ የተላጨ ሆኖ ብቅ አለ። «ማንን ፈልገው ነው?» አለ። የሰውዬው አፍ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ቀኝ እጁ ተነስቶ የቆርቆሮውን በር በጣቱ መምታት ጀመረ። እኔ ከአባቴ ቀድሜ አወቅኩት፤ መጨረሻው ላይ ጥፍሩን በቆርቆሮው ላይ ሳብ አድርጎ አቆየው።

«አስፋው» አለ አባቴ።

ስምንት ዓመት በእጀታዋ «አንተ» ሲባባሉ ኖረው፣ ፊት ለፊት ሲቆሙ አፈሩ። «እርስዎ ነዎት?» አለ ጋሽ አስፋው። «እኔው ነኝ፤ እርስዎም ደህና ነዎት?» አለ አባቴ ሳሙናውን በእጅጌው እየጠረገ። ከዚያ በኋላ ነው የተቃቀፉት፤ ሳሙናው ኮቱ ላይ ታተመ።

«ታዲያ ትናንት ማን ነበር?»

አባቴ ወደ እኔ አመለከተ። ጋሽ አስፋው ከራስ እስከ እግሬ አየኝና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «ይቺ? ይቺ ናት? ኸረ ይቺ ልጅ! ከተማ ይውጣል ስትልብኝ እኔን ሊውጠኝ ነው ብዬ የስምንት ዓመት እንቆቅልሽ የጻፍኩበትን ደብተር እሳት ውስጥ ከተትኩ እኮ!» ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑን በመዳፉ ያብስ ነበር። «መልሱን አግኝቼዋለሁ። ኮምቦልቻ ሆኜ መቶ ዓመት ባስበው አላገኘውም ነበር። ዛሬ ሐረጎ ላይ አውቶቡሱ ወደ ውስጡ ሲገባ ነው የገባኝ። ጉም ነው።»

ሁሉም እኔን ጠበቁ። አፌ እንደ ልማዱ እምቢ አለኝ። የበሩን መቃን በጣቴ መታሁ፤ «ትክክል» አልኩት። ጋሽ አስፋው ራሱን ነቀነቀና፣ «እጇ ጥሩ ነው» አለ ለአባቴ፤ «ግን ስሟን ታስቀድም።»

እናቴ ስኳሩን ልትመልስለት ብትሞክር እምቢ አላት። «ቤቱ ላለ ሰው አብሽሩ ተብሎ ስኳር ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነው» አለችና በዚያው ሻይ አፈላችለት። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ተቀመጠ። ተረኛ እንደነበረ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሬዲዮውን ዘግቶ እንደመጣ የነገረን ሊሄድ ሲነሳ ነው። ያን ጊዜ አባቴ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

ያን እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ኮምቦልቻ በሬዲዮ ተጠርታ መልስ አልሰጠችም። መስከረም ሳይጠባ ጋሽ አስፋውን ከሬዲዮ ክፍሉ አንስተው የመጋዘኑ በር ላይ ተቆጣጣሪ አደረጉት፤ አባቴም ይህን ያወቀው በአንድ ቅዳሜ ፍተሻ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ እጅ ሲመጣ ነው። በደረቁ መለሰና ዘጋ። በማግስቱ የይለፍ ወረቀቱን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ፣ እናቴ የቋጠረችውን ስኳር ይዘን ወረድን። ደሴ ላይ የለበስኩት ሹራብ ኮምቦልቻ ስንደርስ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ጋሽ አስፋው መጋዘኑ በር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ጆሮዎቹ ያለ ማዳመጫ ትልልቅ መስለው ታዩኝ። አባቴ መንገድ ላይ ሲያዘጋጅ የመጣውን ንግግር ጀመረ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄን አስቀምጬ ሳላስታውቅ…»

«ልጅህ አይደለችም፣ አንተም አይደለህም» ብሎ አቋረጠው ጋሽ አስፋው። «እግሬ ነው። ደግሞም ዛሬ ቢደገም ይሄዳል።»

ከዚያ በኋላ፣ አባቴ ድሮ እንደሚለው፣ የሚያወሩት ጠፋቸው። ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ። ጋሽ አስፋው ስኳሩን ከጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ጣቱ ግን ሥራ ስለፈታ ይመስለኛል፣ የበርጩማውን ጠርዝ ይመታ ነበር። አባቴ ሰማውና በጫማው ጫፍ መሬቱን እየመታ መለሰለት። እስከ አውቶቡሱ ሰዓት ድረስ እንደዚያ ቆዩ። እንቆቅልሽ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ማን እንዳሸነፈ ግን አላዳመጥኩም፤ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነበር።

በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ አባቴ የሚያስታውሳቸውን እንቆቅልሾች አንድ በአንድ እየነገረኝ በትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ ጻፍኳቸው፤ ሲሞላ ለጋሽ አስፋው ላክንለት። ወደ ሬዲዮው ግን አልመለሱትም፤ በዚያው በር ላይ ጡረታ ወጣ። የቅዳሜው ፍተሻም ከዚያ ወዲህ በእርግጥ ፍተሻ ብቻ ሆነ።

አሁን የሬዲዮ ክፍሏ የለችም፤ ምሰሶዎቹም ተነቅለዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚሁ ደሴ በምሠራበት ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ስልክ አለ፣ መናገርም ለምጃለሁ፤ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ግን ከሰላምታ በፊት «ሐዋ ነኝ፣ ከደሴ» ማለት ልማዴ ሆኖ ቀርቷል። ባልደረቦቼ «እናውቅሻለን እኮ!» እያሉ ይስቁብኛል። ኮምቦልቻ ባለው ቅርንጫፋችን ብርቱካን የምትባል ሠራተኛ አለች፤ አይቻት አላውቅም፤ ለሦስት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ወረቀት እየጠየቅኳት፣ በመካከሉ ስለ ብርዱና ስለ ሙቀቱ እየተቀላለድን ቆይተናል። ማሞቂያው ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት ደውዬ ሌላ ሴት አነሳችው። መልእክቴን ነገርኳት፣ አመሰገንኳትና ዘጋሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት ያችው ሴት ነበረች። ብርቱካን የት ሄደች ብዬ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ የሚከለክል ነገር ግን አልነበረም። አቧራው ተቃጥሎ አልቆ ሽታው ሲጠፋ ይህን አሰብኩ። ኮምቦልቻ ዛሬም የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፤ ኬላው ላይም የይለፍ ወረቀት የሚጠይቅ የለም።